ዕቃውና ምስክሩ፦ የአደባባይ ታሪክና ቴክኖሎጂ በሙዚየም ትምህርት፣ ከምሥራቅ ጎጃም አንጻር

(ለፋኩልቲው ተማሪዎችና መምህራን በተዘጋጀ የሕዝብ ገለጻ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



«ሙዚየም» የሚለው ቃል ሲነሣ የብዙዎቻችን አሳብ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከማቻክል ወረዳ ከአማኑኤል ከተማ የተነሣ ተማሪ ድንቅነሽን ለማየት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት። ደርሶም በመስታወቱ ውስጥ የሚያየው ቅጂዋን ነው፤ ዋናው አጽም በጥንቃቄ ክፍል ተቆልፎ ይቀመጣል። ይህ የሙዚየሙ ነውር አይደለም፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ አጥንት በየቀኑ ለብርሃንና ለአቧራ አይጋለጥም። ነገር ግን ያ ተማሪ ወደ አማኑኤል ሲመለስ ይዞት የሚመለሰው ምንድን ነው? «አየሁ» የሚል ቃል ብቻ ነው ወይስ «ይህ እንዴት ታወቀ?» የሚል ጥያቄም ጭምር? ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው።

አስቀድሜ ስለ ስያሜው ላስረዳ። በውጭው ዓለም በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የአደባባይ ታሪክ የሚባለው የጥናት ዘርፍ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ባርባራ ቅርንጫፍ፣ ሮበርት ኬሊ በተባለ የታሪክ መምህር አማካይነት ነው። መነሻው የሥራ ጉዳይ ነበር፤ የታሪክ ምሩቃን በዩኒቨርሲቲ የማስተማር ሥራ ሲጠባቸው በሙዚየም፣ በመዝገብ ቤት፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በቅርስ ጥበቃ ሙያቸውን እንዲያውሉ ታስቦ ነው። እንግሊዞች ደግሞ ከዚህ በተለየ በር ገቡ። ራፋኤል ሳሙኤልና ጓደኞቹ በኦክስፎርድ በሠራተኞች ኮሌጅ ውስጥ ታሪክ በባለሙያ ብቻ የሚሠራ አይደለም፣ ሠራተኛውም ገበሬውም ታሪክ ይሠራል ብለው ተነሡ። በእኛ ቋንቋ «ሕዝባዊ ታሪክ» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ እኔ ግን «የአደባባይ ታሪክ» ማለትን እመርጣለሁ። «ሕዝባዊ» ሲባል ስለ ሕዝብ የተጻፈ ታሪክ ይመስላል። አደባባይ ግን በእኛ ዘንድ ነገር የሚቀርብበት፣ ምስክር የሚቆምበት፣ ተከራካሪ የሚረታበትና የሚረታለት ቦታ ነው።

ይህ የቃል ጨዋታ አይደለም። ጎጃም ውስጥ ታሪክን በአደባባይ መሥራት ሳንታ ባርባራ ዩኒቨርሲቲ ከመኖሩ በፊትም የነበረ ነው። ርስት የሚጠይቅ ሰው በዳኛ ፊት ቆሞ አባቱን ይቆጥር ነበር፤ ከራሱ ተነሥቶ በምንዝር አባት በኩል እስከ ዋናው አባት ድረስ መድረስ ነበረበት። ተከራካሪው «እዚህ ላይ ዘለልክ» ሊለው ይችላል። ሽማግሌ ይጠየቃል፤ «ከማን ሰማህ?» ይባላል። አላን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1950ዎቹ በዳሞት ይህን ሥርዓት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ በዝርዝር አቅርቦታል። አንድ ገበሬ ስምንትና ዘጠኝ ትውልድ የሚቆጥረው ታሪክ ስለሚወድ ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ በቆጠራው ላይ የተንጠለጠለ ስለ ነበረ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ያ የቆጠራ እውቀት ሥራ ፈታ። ብዙ ግፍና ሙግት አብሮ ቀርቷል፤ አልናፍቀውም። ነገር ግን «ከማን ሰማህ?» የሚለው ጥያቄም አብሮ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ከዚሁ ጋር አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን ማንሣት ይገባል። በልጅነታቸው ከዓባይ ማዶ ተማርከው ወደ ጎጃም የመጡ፣ በራስ አዳል፣ በኋላ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ቤት ያደጉ ሠዓሊ ነበሩ። የጎጃምን ባላባት ትውልድ ከአፍ እየሰሙ፣ እየቆጠሩ ጻፉ። ዛሬ ስለ ጎጃም የሚጽፍ ሁሉ የእሳቸውን መጽሐፍ ሳይከፍት አይጽፍም። ከውጭ መጥቶ የአገሩን ሰው የትውልድ ሐረግ ለአገሩ ሰው የጻፈ ባለሙያ ማለት ናቸው። ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ፤ የአደባባይ ታሪክ ጸሐፊ ለመሆን የቦታው ተወላጅ መሆን ግዴታ አይደለም፣ አድማጭ መሆን ግን ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ሙዚየም ልግባ። ሮይ ሮዘንዝዋይግና ዴቪድ ቴለን የተባሉ ሁለት ምሁራን ወደ 1,500 የሚጠጉ አሜሪካውያንን ስለ ቀድሞ ዘመን የምታምኑት ማንን ነው ብለው ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1998 አሳትመዋል። አንደኛ የወጣው ሙዚየም ነው። አያትና ዘመድ ሁለተኛ፣ በቦታው የነበረ የዓይን ምስክር ሦስተኛ ሆኑ። የዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ከእነርሱ በኋላ መጣ፤ ለእኛ የሚያስደስት ደረጃ አይደለም። ሰዎቹ ሙዚየምን ያመኑት ዕቃው ያለ አስታራቂ በቀጥታ የሚናገራቸው ስለ መሰላቸው ነበር። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ዕቃ አይናገርም። ከዕቃው ሥር ያለችውን የሦስት መስመር መግለጫ አንድ ሰው ጽፏታል፤ የሰውየው ስም ግን የለባትም። ጎብኚው የሰው ቃል እያነበበ ዕቃው የተናገረ ይመስለዋል።

ቴክኖሎጂ ሲጨመርበት ይህ ችግር ሊብስም ሊቀልም ይችላል። የዛሬው ንግግሬ ዋና ነጥብ ይኸው ነው፤ በሙዚየም ትምህርት ውስጥ መሣሪያን የምንመዝነው በብልጭታው ሳይሆን ተናጋሪውን በመግለጡ ወይም በመሸፈኑ ነው። ለዚህ ከምሥራቅ ጎጃም ሦስት ጉዳዮችን አመጣለሁ።

የመጀመሪያው መርጡለ ማርያም ነው። በእነብሴ ሳር ምድር ያለውን ይህን ጥንታዊ ደብር አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በቅጥሩ ውስጥ የቆመው የድንጋይ ፍርስራሽ፣ በተለይም የተቀረጸው ጌጥ፣ በአገራችን እምብዛም የማይገኝ ነው። የደብሩ ሊቃውንት ቦታው በብሉይ ኪዳን ዘመን መሥዋዕት ይቀርብበት የነበረ፣ በአብርሃና አጽብሃም ቤተ ክርስቲያን የታነጸበት ነው ይላሉ። የታሪክ ተመራማሪዎች ደግሞ አሁን የሚታየውን የድንጋይ ሥራ ከንግሥት እሌኒ ጋር ያያይዙታል፤ ይህም 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ያደርሰናል። በጌጡ ላይ ከባሕር ማዶ የመጣ ባለሙያ እጅ የሚያዩም አሉ።

እንግዲህ ከዚህ ፍርስራሽ ፊት ለፊት መግለጫ ስቀሉ ብትባሉ ምን ትጽፋላችሁ? ሁለት ዓይነት ወጣት ባለሙያ አውቃለሁ። አንደኛው ደብሩን ላለማስቀየም ትውፊቱን ብቻ ይጽፋል። ሁለተኛው ከዩኒቨርሲቲ በያዘው እውቀት ተማምኖ «በንግሥት እሌኒ ተሠራ» ብሎ ይደመድምና ትውፊቱን «አፈ ታሪክ» በሚል አንድ ቃል ይሸኘዋል። ሁለቱም ለተማሪው አንዱን ግማሽ ይነፍጉታል። ትውፊቱ ስለ ቦታው ቅድስና የሚናገር ነው፤ ምሁሩ የሚናገረው ስለ ድንጋዩ ዕድሜ ነው። በአንድ ቦታ ላይ አሮጌ መቅደስ ፈርሶ አዲስ መታነጹ በአገራችን የተለመደ ስለ ሆነ ሁለቱ የግድ አይጣሉም። ተማሪው ማወቅ ያለበት «ማን ምን ይላል? የሚለውስ በምን ተመሥርቶ ነው?» የሚለውን ነው።

በአንድ የተለጠፈ ወረቀት ላይ ይህን ሁሉ ማስፈር አይቻልም። በስልክ ግን ይቻላል። ጎብኚው በግድግዳው ላይ ያለውን ኪው አር ኮድ በስልኩ ካሜራ ሲያነብ ሦስት ድምፅ ሊመጣለት ይችላል፤ የደብሩ መሪጌታ በራሳቸው አንደበት፣ የድንጋዩን ሥራ የሚያጠና ባለሙያ፣ የአካባቢው አንድ ግንበኛ። ግንበኛውን ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። ድንጋይ የሚጠርብ ሰው የተጠረበ ድንጋይ ሲያይ እኔና እናንተ የማናየውን ያያል፤ መሮው ከየት አቅጣጫ እንደ ገባ ይነግራችኋል። እያንዳንዱ ድምፅ ስሙን፣ ከማን እንደ ሰማና መቼ እንደ ተቀረጸ በመጀመሪያ ይናገራል። ያኔ «ከማን ሰማህ?» የሚለው የአባቶቻችን ጥያቄ በስልክ ላይ ተመለሰ ማለት ነው። ማይክል ፍሪሽ የተባለው አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 «የጋራ ሥልጣን» ሲል የጠራው አሳብ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ተራኪውና ባለሙያው ታሪኩን በጋራ ያዘጋጁታል፣ አንዱ የሌላው ጥሬ ዕቃ አይሆንም።

እዚህ ላይ ስለ ዕቃ ቤት አንድ ቃል። በገዳማቱና በአድባራቱ ያለው ዕቃ ቤት የሙዚየም ጥንታዊ ወንድም ነው። በብዙ ቦታ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይደለም፤ ሁለትና ሦስት ባለ ቁልፍ ካልተገኘ በሩ አይከፈትም። ካሜራ ይዞ የሄደ ተማሪ በዚህ ይበሳጫል፣ «ኋላ ቀርነት» ይለዋል። እንዲህ የሚል ተማሪ ካለ የቅርስ ሕጋችንን፣ የ1992ቱን አዋጅ ቁጥር 209 አንብቦ ይምጣ፤ የቅርስ መመዝገብና የባለ ይዞታው ኃላፊነት ምን እንደ ሆነ ያገኘዋል። ባለ ቁልፎቹ የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የተነሣ ጥርት ያለ የመስቀል ወይም የብራና ሥዕል፣ ከነ ቦታው ስም ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ተማሪ ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ነጋዴም ያያል። ስለዚህ የፎቶ ስብስብ ስትሠሩ አንዱን ቅጂ ለደብሩ ትታችሁ ውጡ። የትኛው ለሕዝብ ይታይ፣ የትኛው አይታይ የሚለውንም እነርሱ ይወስኑ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ከ9 ሺህ በላይ ብራናዎችን ሲያነሣ ቅጂው በአሜሪካ በሚኒሶታ በኮሌጅቪል ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባም እንዲቀመጥ ተደርጎ ነበር። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት የእነዚያን ብራናዎች ማውጫ በማዘጋጀት ነው። እነዚያ ፊልሞች ባይኖሩ ከዚያ በኋላ ለጠፉ መጻሕፍት ምስክር አይገኝም ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ከሞጣ በስተ ሰሜን በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ነው። ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። በቱሪስት መጻሕፍት «ሁለተኛው የፖርቱጋል ድልድይ» ይባላል። ስሙን መርምሩት። አፄ ፋሲል በ1632 እ.ኤ.አ. በነገሡ ማግስት የኢየሱሳውያንን ሚሲዮን ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው። በእሳቸው ዘመን የተሠራ ድልድይ በፖርቱጋል ስም የሚጠራው ለምንድን ነው? በጢስ ዓባይ አጠገብ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626፣ የተሠራው የአላታ ድልድይ በውጭ ባለሙያዎች እጅ የተሠራ ስለ ሆነ ሁለተኛውም በዚያው ስም ተጠቀለለ። የአገሩ ሰው ግን ሰባራ ድልድይ ነው የሚለው። ሙዚየም መግለጫ ላይ የምትጽፉት ስም አስቀድሞ ክርክር ውስጥ እንደሚከታችሁ የሚያሳይ ምሳሌ ነው።

«ሰባራ» ያሰኘው የመካከሉ ቅስት መፍረሱ ነው። የአካባቢው ሰው በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር ሰበሩት ይላል። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ገበያተኛው፣ በሽተኛው፣ ነፍሰ ጡሯ በገመድ ወገባቸውን ታስረው፣ ከዚህም ከዚያም ማዶ በወንዶች ጉልበት እየተጎተቱ በባዶው አየር ላይ ይሻገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ አሜሪካዊ የሕንፃ ተቋራጭ፣ ኬን ፍራንትዝ፣ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ የዚህን መሻገሪያ ፎቶግራፍ አየ። ድልድዩን ለመጠገን ተነሣ፤ ከዚያም በልዩ ልዩ አገሮች የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት መሠረተ። በሰባራ ድልድይ ላይ የተደረገውን ጥገና ቆይቶ ጎርፍ ወሰደው፤ በኋላ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ታሪኩ ያስደስታል፤ በውጭው ዓለም ብዙ ጊዜ ተነግሯል። የሚነገረው ግን ከፎቶው ጀምሮ ነው። ገመዱን ይጎትቱ የነበሩት ሰዎች ስም የት አለ? ዋጋቸው ስንት ነበር? ገመዱ ከምን ነበር የሚገመደው? በየስንት ጊዜው ይቀየር ነበር? ሰው ወድቆ ያውቃል? እነዚህን የሚመልሱ ሰዎች በሁለቱም ማዶ ዛሬም አሉ። የድልድዩን ባለ ሦስት አውታር ምስል፣ እናንተ ስሪዲ የምትሉትን፣ ከአንድ መቶና ሁለት መቶ ፎቶግራፎች ማውጣት ይቻላል፤ የሚያስፈልገው ደኅና ስልክ፣ ትዕግሥትና ከሰዓት በፊት ያለው ብርሃን ነው። ያንን ምስል ለአንድ ስምንተኛ ክፍል ተማሪ ብታሳዩት ይደነቃል። ከሥሩ የገመድ ጎታቹን ድምፅ ብታክሉበት ደግሞ ይጠይቃል። ለእኔ የሙዚየም ትምህርት ከመደነቅ ወደ መጠየቅ የሚወስደው መንገድ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ዕቃ የሌለው ታሪክ ነው፤ ስለዚህም ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ነው። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የጎጃም ገበሬ ተነሣ። ሞጣ፣ ብቸናና ዳሞት የዚህ እንቅስቃሴ ዋና ዋና ቦታዎች ነበሩ። አዲሱ አዋጅ ግብር ከመጨመሩ ይልቅ ገበሬውን ያስፈራው ነገር መሬቱ እየታየ ምርቱ የሚገመት መሆኑ ነበር፤ ይህ የርስት መነጠቅ መጀመሪያ ነው ብሎ አመነ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም አሰማራ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ የግብር ውዝፍም ተማረ። ገብሩ ታረቀ በእንግሊዝኛ በጻፈው የገበሬ አመፆች ጥናቱ ውስጥ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። የአገራችን ሙዚየሞች ግን ስለዚህ ምን ያሳያሉ? ብዙ ሙዚየም ጎብኝቻለሁ፤ ስለ ነገሥታት ዘውድና ካባ አይቻለሁ። በግብር ገማች ፊት «አላስቆጥርም» ብሎ የቆመ ገበሬ ግን በየትኛውም መስታወት ውስጥ አላገኘሁም።

ምክንያቱ ክፋት ላይሆን ይችላል። ገበሬው ዘውድ አልነበረውም። ያለው ነገር ቃሉ ነው። በ1960 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ወደ 80 ተጠግቷል። ከዚያ የሚበልጡት አብዛኞቹ አልፈዋል። ባለፉት ዓመታት የአርበኞቹ ትውልድ እንዴት እንዳለፈ አይተናል። በላይ ዘለቀን ውሰዱ። አባ ኮስትር በብቸናና በዙሪያው ጠላትን አምስት ዓመት ተዋግቶ፣ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ። ስለ እርሱ ያለን ነገር አብዛኛው ግጥም፣ ፉከራና ከሁለተኛና ከሦስተኛ ሰው የተሰማ ወግ ነው። አብረውት የዘመቱት በሕይወት ሳሉ «የትኛውን በዓይንህ አየህ? የትኛውን ሰማህ?» ብሎ በመቅረጸ ድምፅ የጠየቃቸው ሰው ጥቂት ነው። ለምን ተሰቀለ በሚለው ላይ ዛሬ የምንሰማው ሙግት መልስ የሚያጣው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። የ1960ው ትውልድ ገና ሙሉ በሙሉ አላለፈም። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ጊዜውም አጭር ነው።

ዕቃ የለም ያልሁት በከፊል ነው። እያንዳንዱ ቤት የሆነ ነገር አለው፤ የግብር ደረሰኝ፣ የአርበኝነት ሜዳይ፣ የአባት ጠመንጃ ሰደፍ፣ እህል ይሰፈርበት የነበረ ቁና። በሐረር አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ተነሣሥተው ከየቤቱ የሰበሰቡት ቅርስ ዛሬ የከተማዋ ኩራት የሆነ ሙዚየም ሆኗል፤ የብራና መጻሕፍቱንም የድምፅ ቅጂዎቹንም ጠብቀዋል። በአዲስ አበባ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። እዚያ ካስጎበኙት መካከል ራሳቸው በእስር ያለፉ ሰዎች ይገኛሉ። ጎብኚው ከግድግዳው ፎቶ ይልቅ የሚያስታውሰው እነርሱን ነው፤ ምክንያቱም ሊጠይቃቸው ይችላል፣ እነርሱም «ይህን አላውቅም፣ ያን ጊዜ በሌላ ክፍል ነበርሁ» ሊሉት ይችላሉ። የትኛውም ስክሪን እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ስክሪን ስል ግን የተቃወምሁ እንዳይመስላችሁ። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ ከእነዚህ በፊትም የአንድነት ፓርክ ወጣቱን ወደ ሙዚየም በር አምጥተዋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የምፈራው ሌላ ነው። በየዞኑ ያሉ ኃላፊዎች «እኛም እንዲህ ያለ ስክሪን ያስፈልገናል» ብለው ለመብራት መቋረጥና ለመለዋወጫ እጥረት የማይመች ዕቃ ገዝተው፣ በሁለተኛው ዓመት አቧራ የለበሰ ጥቁር መስታወት ሲሆንባቸው አይቻለሁ። የዓይን መነጽር የሚመስለውንም የምናብ ዓለም መሣሪያ ብዙ አልወደውም፤ ሃምሳ ተማሪ ይዞ ለመጣ መምህር አንድ መነጽር ምን ያደርግለታል? ሌላው አርባ ዘጠኙ ተራ ይጠብቃል።

እንግዲህ ወደ ድንቅነሽ ልመለስ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ወደ አሜሪካ ለዐውደ ርእይ በሄደች ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኦስቲን በራጅ መሣሪያ ተቃኝታ ከ35 ሺህ በላይ የአጥንት ቁራጭ ምስል ወጣላት። እ.ኤ.አ. በ2016 ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ በዚያ ላይ ተመሥርተው ከዛፍ ወድቃ ሞታለች አሉ። አግኚዋ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቲም ዋይት ደግሞ ስብራቱ ከሞት በኋላ በምድር ውስጥ የሚደርስ ነው ብለው አልተቀበሉትም። አጥኚዎቹ አንድ መልካም ነገር አደረጉ፤ የትከሻዋንና የጉልበቷን አጥንት ባለ ሦስት አውታር ምስል ለሕዝብ ከፈቱ። ማተሚያው ያለው ሰው አትሞ በእጁ ይይዘዋል። እንግዲህ የአማኑኤል መምህር እነዚያን የፕላስቲክ አጥንቶች ይዞ ክፍል ሊገባ ይችላል። «ይህ ስብራት ነው ወይስ አይደለም? አንዱ ምሁር እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲህ፤ እናንተስ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ተማሪው ቅጂ ይዞ ነው፤ አዲስ አበባም ቢሄድ ቅጂ ነው የሚያየው። የአማኑኤሉ ቅጂ ግን ሊነካ፣ ሊገለበጥ፣ ሊከራከሩበት የሚቻል ነው።

ስለ አሠራር ጥቂት ተግባራዊ ነገር። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችንም አሳልፈነዋል። ኔትወርክ ካልተገኘ የማይከፈት የሙዚየም ትምህርት ለእኛ አይሆንም። የምታዘጋጁት ድምፅና ምስል በሚሞሪ ካርድ የሚዞር፣ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ የሚተላለፍ ይሁን። ድምፁን ስትቀርጹ አንዱን ቅጂ ለተናጋሪው ቤተሰብ ስጡ፤ ልጅ የአያቱን ድምፅ በስልኩ ይዞ ሲዞር ቤቱ ራሱ ሙዚየም ይሆናል። የመንገዱ ሁኔታ ለተማሪ ጉዞ የማይመች በሆነበት ጊዜ ደግሞ ከሩቅ ደብር ይልቅ በቅርብ ቀበሌ ያሉትን አረጋውያን ጀምሩ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የጠየቃችሁኝ አላችሁ። የተቀረጸ ቃል ወደ ጽሑፍ ለመለወጥና ለመተርጎም እየረዳ ነው፤ በጎጃም አነጋገር ላይ ገና ብዙ ይስታል። ነገር ግን ማንም ያልተናገረውን የ1960 ዓ.ም. ገበሬ ድምፅ ፈጥሮ በሙዚየም ውስጥ ማሰማት አሁን ቀላል ሆኗል። ይህን የሚያደርግ ሰው ከእኛ ፋኩልቲ እንዳይወጣ አደራ እላለሁ።

በዚህ ሴሚስተር የአደባባይ ታሪክ ኮርስ የወሰዳችሁ ተማሪዎች የመስክ ሥራችሁ እንዲህ ነው። እያንዳንዳችሁ ከወላጆቻችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ አንድ ዕቃና አንድ ምስክር ታመጣላችሁ። ዕቃው ፎቶ ይነሣል፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ከቤቱ አይወጣም። ምስክሩ በመጀመሪያ ስሙንና ዕድሜውን ይናገራል፣ ቀጥሎ ያየውን ከሰማው ለይቶ ይነግራችኋል። ከሰማው ከማን እንደ ሰማ ትጠይቁታላችሁ። እርሱ ያልመለሰውን ባዶ ቦታ በራሳችሁ ግምት አትሙሉ፤ «አልታወቀም» ብላችሁ ጻፉ። የፈቃድ ቅጹ በአማርኛ ተዘጋጅቶ ከመግቢያው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል፤ ማንበብ ለማይችሉ አረጋውያን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፣ ፈቃዳቸውንም በድምፅ ቅረጹ። አሁን ጥያቄ ካላችሁ ልቀበል፤ ከወረዳ የመጡት እንግዶቻችን ቅድሚያ ይሰጣቸው።